ሰዓት የሚጠብቀው ከርነል

ከምነግራችሁ ውስጥ አንዲት ቃል ጨምሬ እንደሆነ አሥሩም ጣቶቼ ኪቦርድ ላይ ይድረቁ። ሌላው ሰው ታሪክ ሲያወራ ትንሽ ያሳምራል፤ እኔ እንዲያውም ሰው እንዳይደነግጥ ብዬ የቀነስኩት ይበልጣል። የነበረው እንደነበረ፣ ከነላቡ ነው የቀረበው።

ከርነል ምን እንደሆነ ለማታውቁ፦ ሌሎቹን ፕሮግራሞች ሁሉ የሚያንቀሳቅስ ፕሮግራም፣ የኮምፒውተር ልብ ነው። እኔ ደግሞ ሃያ ስድስት ዓመት የሠራሁ የልብ ሐኪም ነኝ። መሥሪያ ቤታችን የከተማውን የትራፊክ መብራቶች የሚያዘውን ሥርዓት ይጠብቃል። ሥርዓቱ ይኖር የነበረው ምድር ቤት በተቀመጠ አንድ አሮጌ ማሽን ውስጥ ነው። ያ ማሽን ሲነሳ ሕንጻው ይንቀጠቀጣል፤ ሲያስነጥስ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ብርጭቆ ይወድቃል። መለዋወጫው ከምድረ ገጽ ጠፍቷል። ስለዚህ አንድ ቀን ጸጥ ብሎ መንገዱን ሁሉ ሳያጨናንቅ፣ ሥርዓቱን ከነነፍሱ አውጥተን አዲሱ ሰርቨር ሆድ ውስጥ ማኖር ነበረብን።

ሥራው በግልጽ አማርኛ ማታለል ነው። ትልቁ ሰርቨር በሆዱ ውስጥ የሌለ ማሽን እንዳለ ያስመስላል፤ ከርነሉም ተከራይ መሆኑን ሳያውቅ፣ የራሱ ቤት መስሎት ኑሮውን ይቀጥላል። ዲስኩ የውሸት፣ ሜሞሪው የውሸት፣ ሰዓቱ የውሸት። እንዲህ ያለ ሥራ ለእኔ ካልተሰጠ ለማን ይሰጣል?

የተሰጠው ግን ለሁለት ሰው ነው፤ ለእኔና ለሹክሹክታ። ሹክሹክታ የከርነል ክፍል ባልደረባዬ ናት። እናቷ ያወጣችላትን ስም መሥሪያ ቤቱ ከረሳው ቆይቷል፤ ስታወራ ጆሮህን ወደ አፏ ካላስጠጋህ የምትሰማው የማቀዝቀዣውን ድምፅ ብቻ ነው። አሥር ዓመት ጎን ለጎን ተቀምጠናል። የማታውቀውን አስተምሬያታለሁ፤ የምታውቀውንም ደግሜ አስተምሬያታለሁ።

ሥራ አስኪያጃችን የሚስቴ ታናሽ ወንድም ነው። ቤት ሲመጣ «ጋሼ» ይለኛል፤ ቢሮ ውስጥ ግን ክራቫቱ ጉሮሮውን ስለሚያንቀው ነው መሰለኝ ቃሉ አይወጣውም። አርብ ዕለት ሁለታችንንም አስጠራን።

«ከሚመጣው ወር ጀምሮ የከርነል ክፍል ያለው አንድ ወንበር ብቻ ነው» አለ፤ ዓይኑን ከጠረጴዛው ሳያነሳ። «ሐሙስ ስድስት ሰዓት ላይ እንግዶች ይመጣሉ። መብራቶቹ ከአዲሱ ሰርቨር ሲታዘዙ ማየት ይፈልጋሉ። ያስነሳው ሰው ይቀራል። ሌላው ወደ ፕሪንተር ጥገና ይወርዳል።»

ፕሪንተር ጥገና! እኔ! እዚያ የሚሠራውን ሰውዬ ብታዩት፤ ሲያስነጥስ ጥቁር ዱቄት ነው የሚወጣው። ቀኑን ሙሉ «ወረቀት ነክሶብኛል» የሚል ስልክ ያነሳል። የልብ ሐኪም የነበረ ሰው ጥፍር ቆራጭ ሊሆን ነው ማለት ነው።

«ሐሙስ ምን ያደርጋል? እሮብ ቁርስ ላይ ታየዋለህ» አልኩት።

ሹክሹክታ የሆነ ነገር አለች። ማንም አልሰማትም።

አሁን ስለ ፓች ልንገራችሁ። ፓች ማለት ከርነል ላይ የሚለጠፍ እራፊ ነው፤ «ይህን መስመር አውጣ፣ በቦታው ይህን አስገባ» የሚል። አሮጌው ከርነል ላይ ባለፉት ዓመታት የተለጣጠፉትን ፓቾች በሙሉ አዲስ ከርነል ላይ መልሰን መለጠፍ ነበረብን። ስንት ነበሩ? አራት መቶ አሥራ ሁለት! ግማሾቹን የጻፏቸው ሰዎች ጡረታ ወጥተዋል። አንደኛው ፓች ላይ «ለምን እንደሚሠራ አላውቅም፣ አትንኩት» የሚል ማስታወሻ አለ።

ሰርቨሩ ላይ ለየራሳችን አንድ አንድ የውሸት ማሽን ተሰጠንና ሰኞ ጠዋት ጀመርን። እሷ ፓቾቹን አንድ በአንድ እያነበበች ትለጥፋለች፤ እንደ መርፌ ሥራ። እኔ በአንድ ትእዛዝ ሁሉንም ለጠፍኳቸው። አራት ሰኮንድ! ከዚያ ከርነሉን ኮምፓይል አድርጌ፣ ማለትም ጽሑፉን ማሽኑ ወደሚገባው ቋንቋ አስቀይሬ፣ አርባ ደቂቃ ጠብቄ፣ ማሽኑን አስነሳሁት።

ስክሪኑ ላይ ጽሑፉ እንደ ዝናብ ወረደ። ሜሞሪ፣ ደህና። ዲስክ፣ ደህና። ኔትወርክ፣ ደህና። እጄን አንስቼ ላጨበጭብ ስል አንድ መስመር ላይ እንደ ጅብራ ተገተረ፦

«ሰዓት በመጠበቅ ላይ...»

ጠበቅኩት። አንድ ደቂቃ። አሥር ደቂቃ። የማንን ሰዓት ነው የሚጠብቀው? ቀጠሮ አለው እንዴ? አጠፋሁት፤ አስነሳሁት። «ሰዓት በመጠበቅ ላይ...» ያገኘሁትን መስመር ነካክቼ እንደገና ኮምፓይል፤ እንደገና አርባ ደቂቃ፤ እንደገና «ሰዓት በመጠበቅ ላይ...» በዚያን ቀን ብቻ ሰባ ጊዜ አስነስቼዋለሁ። በአርባ ደቂቃ አባዝታችሁ «ቀኑ አይበቃም» የምትሉኝ ትኖራላችሁ፤ እኔ በሥራ ላይ ስሆን ቀን ይረዝማል።

ከሰዓት በኋላ ሹክሹክታ ወንበሯን ወደኔ አስጠጋች።

«ጋሼ፣ ውድቅ ፋይሎቹን አይተዋቸዋል?»

አንድ ፓች ከፊሉ ቦታውን ካጣ፣ ለጣፊው ፕሮግራም የተረፈችውን ቁራጭ «ውድቅ» በሚል ፋይል ውስጥ ይጥላታል። ሰው በእጁ እንዲለጥፋት ነው አሉ። እኔ ደግሞ ንጽህና እወዳለሁ።

«ጠረግኳቸው» አልኳት።

«ሁሉንም?»

«ውድቅ የተባለ ነገር ውድቅ ነው። ፈተና የወደቀን ተማሪ እያባበልሽ ታሳልፊያለሽ?»

«ከሰዓቱ ፓች ውስጥ አንዷ ቁራጭ...»

«የኔ እህት፣ እኔ ሰዓት አስሬ ስሠራ አንቺ ገና ሰዓት ማንበብ አትችይም ነበር።»

ወንበሯን መለሰች። እኔም ወደ ጦርነቴ ተመለስኩ።

ማታ ራት ላይ ሚስቴ ሳህን እያነሳች፣ «ወንድሜ ደውሎ ነበር» አለችኝ።

«ምን አለ?»

«‹ጋሼ እንዴት ነው?› አለኝ። ‹ከማሽኑ ጋር ተጣልቷል› አልኩት።»

«አልተጣላሁም። እያስታመምኩት ነው።»

«ታዲያ ሹካውን ለምን ትሰድበዋለህ?»

«ፕሪንተር ቤት ብትወርድስ ምን ይጎድልብሃል?» አለች። «እዚያ ቢያንስ ወረቀት ሲነከስ በዓይን ይታያል። ጎትተህ ታወጣዋለህ፤ አለቀ።»

«አንቺ ደግሞ! ለእህቶችሽ ሁሉ ‹የከተማውን መብራት የሚያበራው ባሌ ነው› ብለሽ የለ?»

«ያልኩት አንተ ስላልክ ነው እኮ» ብላ ወደ ጓዳ ገባች። አንጀቴ አረረ።

ማክሰኞ ረፋድ ላይ ከንዴት የተነሳ መንጋጋዬን ነክሼ አንድ ጥርሴን ሰነጠቅኩ። የጥርስ ሐኪሙ «ድንጋይ ነው የነከሱት?» አለኝ። «ከርነል ነው» አልኩት። የቀረውን ቀን ግማሽ ፊቴ ደንዝዞ ቤት ተኛሁ። ስልኬ ሁለት ሦስት ጊዜ ጮኸ፤ በግማሽ ፊት መልእክት የሚያነብ ማን ነው?

እሮብ ስመለስ ሹክሹክታ እጆቿን አጣጥፋ ተቀምጣለች፤ ስክሪኗ ጠፍቷል። ተስፋ ቆርጣለች ማለት ነው። አሳዘነችኝ፤ እውነቴን ነው።

«አይዞሽ» አልኳት፤ «ፕሪንተር ቤት መስኮት አለው ይባላል።»

«ጋሼ፣ መልእክቴን...»

«በኋላ፤ በኋላ። አሁን አንጎሌ ሞቋል።»

ያን ቀን ያላደረግኩት የለም። ፓቾቹን ግማሹን አውጥቼ ሞከርኩ፤ ሌላውን ግማሽ አውጥቼ ሞከርኩ። ለከርነሉ ተጨማሪ ሜሞሪ ሰጠሁት፤ ነጠቅኩት። ሁለት ፕሮሰሰር ሰጠሁት፤ አንዱን ቀማሁት። የሰርቨሩን ሰዓት ወደፊት ገፋሁ፤ ወደኋላ ጎተትኩ። በመጨረሻ የግድግዳውን ሰዓት አውርጄ ስክሪኑ ፊት ደቀንኩለት፤ «ይኸው! ሰዓት ይኸው! ስንት ሰዓት ነው? ዘጠኝ ተኩል ነው! ምን ትፈልጋለህ ሌላ?» አልኩት። «ሰዓት በመጠበቅ ላይ...» አለኝ። ኪቦርዱን በቡጢ ስመታው ሦስት ቁልፎች ተነቅለው ተበተኑ። ሹክሹክታ ጎንበስ ብላ ለቀመቻቸውና አንድ በአንድ ቦታቸው መለሰችልኝ። ዓይኔ ደም ለብሷል፣ ምላሴ ደርቋል፤ ያች ፕሪንተር ቤት በጥቁር አፏ ስትጠብቀኝ ይታየኛል።

ሐሙስ ጠዋት፣ አምስት ሰዓት ሊሆን ትንሽ ሲቀረው፣ መጣልኝ። ከሰማይ ነው የመጣው፤ ሌላ ምንጭ የለውም። ኮዱ ውስጥ «አሥር ጊዜ ሞክር» የሚል መስመር አለ። ለምን አሥር? አሥሩን አሥራ አንድ አደረግኩት! ኮምፓይል የሚለውን ትእዛዝ ሰጥቼ አርባውን ደቂቃ እንደ እስረኛ ጠበቅኩ። ሲያልቅ ፊቴን ልታጠብ ወጣሁ፤ የተሸነፈ ፊት ይዤ ከእንግዳ ፊት አልቆምም ብዬ። ተመልሼ፣ ትንፋሼን ውጬ፣ ቁልፉን ተጫንኩ።

ሜሞሪ፣ ደህና። ዲስክ፣ ደህና። ኔትወርክ፣ ደህና። ሰዓት... ደህና!

ጮኽኩ። ሁለተኛ ፎቅ ያሉት እሳት የተነሳ መስሏቸው በደረጃ ወረዱ። ሹክሹክታን እቅፍ አድርጌ ሳምኳት።

«አሥራ አንድ!» አልኳት። «አየሽ? አሥራ አንድ!»

«እንኳን ደስ አለዎት፤ ጋሼ» አለችኝ፤ ፈገግ ብላ።

ልክ ስድስት ሰዓት ላይ ሥራ አስኪያጁ ሁለት እንግዶች ይዞ ገባ፤ ሴትዮዋ ከትራፊክ ቢሮ ናት፣ ሰውዬው ማስታወሻ ደብተር ይዟል። ስክሪኔ ላይ የከተማው መስቀለኛ መንገዶች ቀይና አረንጓዴ እያሉ ይጠቅሳሉ።

«የማን ነው የተነሳው?» አለ ሥራ አስኪያጁ።

ሹክሹክታ አፏን ከመክፈቷ በፊት «የኔ!» አልኩ። ከዚያም ለእናንተ የነገርኳችሁን ሁሉ ነገርኳቸው፤ አራት መቶ አሥራ ሁለቱን ፓች፣ የተሰነጠቀውን ጥርስ፣ አሥራ አንዷን ቁጥር። «ልጅቷም የአቅሟን ለፍታለች» አልኩ፤ ሰው እንደሆንኩ እንዲታወቅ። ሰውዬው ይጽፋል። ሴትዮዋ ጭንቅላቷን ትነቀንቃለች። የሚስቴ ወንድም ከስንት ዓመት በኋላ ለመጀመሪያ ጊዜ ቢሮ ውስጥ «ጋሼ» አለኝ።

«ጋሼ፣ እንግዲያው ነገሩ ተጠናቋል፤ ወንበሩ ያንተ ነው» አለ። «እንግዶቹ እስካሉ ድረስ ዋናው ቢበላሽ የሚተካውን ተጠባባቂ ሰርቨርም እዚሁ አስነሳልን። ከመጀመሪያው፣ ከፓቾቹ ጀምረህ። እነሱም አሠራሩን ይዩት።»

«በደስታ» አልኩና ወንበሬ ላይ ተደላደልኩ። ፓቾቹን በአንድ ትእዛዝ ልለጥፋቸው ጣቴን ሳነሳ ሹክሹክታ ከጎኔ ብድግ አለች። እንዲያ ዝግ ብላ ስታወራ ክፍሉ በሙሉ የሰማት ያን ቀን ነው፤ ሁሉም ትንፋሹን ይዞ ነበርና።

«ጋሼ፣ ይቅርታ፤ እንደዚያ አይነሳም። ተጠባባቂውን እኔ ልሥራው። የኔ ማሽን ማክሰኞ ስምንት ሰዓት ላይ ነው የተነሳው፤ ከውድቅ ፋይሉ የሰዓቷን ቁራጭ አውጥቼ በእጄ ስለጥፋት። መልእክት ልኬልዎት ነበር፤ አላነበቡትም። ዛሬ ፊትዎን ሊታጠቡ ሲወጡ የኔን ከርነል ገልብጬ በእርስዎ ቦታ ያስቀመጥኩት እኔ ነኝ፤ አሥራ አንዱ ምንም አላደረገም። ፓቾቹም አሥራ ዘጠኝ ናቸው።» ወደ ሥራ አስኪያጁ ዞረች። «ሁለታችንም ካስነሳን ማናችንንም አያወርዱም ብዬ ነው።»