ከወልደ ጊዮርጊስ አፍ ያመለጠ ቃል

አዲስ አበባ ላይ ሚኒስቴር መሥሪያ ቤቶች በታጠፉና በተዋሃዱ ቁጥር ነፋሱ ሐረር ሳይደርስ አይቀርም። በዚያ ዓመትም የጸጥታ ቢሮውና የአስተዳደር ቢሮው አንድ ሆኑ ተባለ፤ ሁለት ታፔላ ወርዶ አንድ ተሰቀለ።

ወልደ ጊዮርጊስ በጸጥታው ቢሮ የግጭት አፈታት ክፍል ኃላፊ ነበር፤ ዕድሜውን የተጣላ ሲያስታርቅ የኖረ ሰው። አዲሱ ምደባ በስብሰባ ሲነበብ ግን ስሙ ከተራ ባለሙያዎች መሀል ተገኘ። የክፍሉ ኃላፊ ናዝራ ሆነች፤ ተመርቃ ስትቀጠር ሥራውን እሱ ራሱ ያስለመዳት ናዝራ።

ደሙ ፈላ። ብድግ አለና፣ «መቼስ እናንተ የራሳችሁን ሰው አታጡም!» አለ።

ናዝራ ቀና ብላ አየችው።

«ጋሽ ወልዴ፣ እኛ እነማን ነን?»

ስንቱን ወጣት «እናንተ፣ እነሱ አትባባሉ» ሲል የኖረው ሰው ኮፍያውን አንሥቶ ወጣ።

ሚስቱ ጥሩወርቅ ታዝንልኛለች ብሎ ነበር። ሰምታው ስታበቃ ግን፣ «በል ተነሣ፣ ሳይመሽ ናዝራ ቤት ሂድ» ብቻ አለችው።

ፈረስ መጋላ ከባጃጅ ወርዶ በጠባቡ መንገድ ቁልቁል ሄደ። በሩን የከፈቱለት የናዝራ እናት ወይዘሮ ጃሚላ ነበሩ። ፊታቸው በራ፤ በስብሰባው የሆነውን ገና አልሰሙም።

«ግባ እንጂ! አሁን ትመጣለች» ብለው መደቡ ላይ አስቀመጡትና ሻይ ቀዱለት። «ወላሂ፣ ሹመቱን አስቀድመው ሲነግሯት ፈርታ ነበር። ‹ጋሽ ወልዴ አጠገቤ ካሉ ኢንሻአላህ እወጣዋለሁ› አለችኝ። አደራህን።»

ሻዩን ሳይጠጣ አስቀመጠው። ወዲያው ናዝራ ገባችና ስታየው ደጃፉ ላይ ቆመች። በእናትየዋ ፊት ምን ይበል?

«ነገ፣ ሰው ሁሉ ባለበት እናገራለሁ» አላት ዝቅ ባለ ድምፅ።

«እንደ ፈቀዱ» አለች፣ ዐይኑን ሳታይ።

በማግስቱ በዚያው አዳራሽ ቆመ። «ትናንት የተናገርኩት ነውር ነው። ቅናት ነው ያናገረኝ። ናዝራን፣ ሁላችሁንም ይቅርታ እጠይቃለሁ።» አንዳንዱ አንገቱን ደፋ፤ አንዱ ከኋላ ሳቅ አፈነ። ናዝራ «ሰምተናል፣ አመሰግናለሁ» ብላ ወደ አጀንዳው አለፈች።

ከሰነባበተ በኋላ ኤረር በር አካባቢ ቸርቻሪ ሴቶች በመሸጫ ቦታ ተጣሉና ሁለቱ አብረው ለማስታረቅ ሄዱ። ሴቶቹ ዙሪያቸውን ከበው ሲጮኹ ናዝራ ወደ እሱ ዞረች።

«ይምከሯቸው እንጂ።»

ወልደ ጊዮርጊስ እሷው እንድትናገር በእጁ አመለከታት። ሰውን ስለ መከባበር ለመምከር አንደበቱ ገና አልደፈረም።