የሳማ ሾርባ ለአንድ ሰው

ልብስ ሰፊዋ በዚያ ሳምንት ለሦስተኛ ጊዜ ሳማ ልትቆርጥ ከቤቱ ጀርባ ወጣች። ፀደይ ገብቶ፣ አባቷ ድሮ የመጋዝ ብናኝ ይደፉበት የነበረው የአጥር ጥግ በለምለም ሳማ ተሸፍኗል። በአንድ እጇ ወፍራም ጓንት አጥልቃ፣ በሌላው ያንን ከጨርቅ በቀር ምንም እንዳይነካ የምትምልለትን መቀሷን ይዛለች። ሰው ሲጨንቀው ለመቀስም አያዝንም።

እናቷ ካረፉ ሁለት ወር ሆነ። አባቷ፣ ዕድሜ ልካቸውን አናጢ የነበሩት ሰው፣ ከዚያ ወዲህ ምግብ አሻፈረኝ ብለዋል። ሱሪያቸውን ሁለት ጊዜ አጥብባላቸዋለች፤ ልብስ ሰፊ ሚዛን አያሻትም። ትናንት ሐኪሙ ቁርጡን ነገራት፤ እስከ ሰኞ የረባ ነገር ካልቀመሱ ሆስፒታል ይተኛሉ። አባት ደግሞ "ከገባሁ አልወጣም" ብለዋል፤ ሲሉም አልቀለዱም።

በእናቷ ጊዜ ፀደይ ማለት ሳማ ማለት ነበር። እናቷ ለጋ ለጋውን ጫፍ እየመረጡ ሲቀጥፉ፣ እሷና ወንድሟ ራቅ ብለው ቆመው "አቃጠለሽ እማዬ?" እያሉ ይጮኻሉ። ከዚያ ሽንኩርቱ ይቁላላል፣ ድንቹ ይንተከተካል፣ የወጥ ቤቱ መስኮት በእንፋሎት ይሸፈናል፣ እሷም መስታወቱ ላይ በጣቷ ዶሮ ትስላለች። ያ አረንጓዴ ሾርባ አፍ ላይ ሟሙቶ ይጠፋ ነበር። አቤት ያ ጊዜ! ልጅነት እንደ ተቀደደ ልብስ የሚጠገን ቢሆን ኖሮ፣ ልብስ ሰፊዋ መርፌዋን ከእጇ ባልለየች ነበር።

ሳማውን በፈላ ውሃ ነክራ መለብለቡን አጠፋችለት፤ አድቅቃ ከድንቹ ጋር አበሰለችው። ቀመሰችው። ቁርጥ የእናቷ።

"አባባ፣ እስቲ ይቅመሱልኝ።"

አባት አንድ ማንኪያ ቀምሰው ሳህኑን ገፋ አደረጉት። "እጅሽ ይባረክ። ግን የእሷ አይደለም።"

"ምኑ ጎደለ? ጨው ነው? ነጭ ሽንኩርት ነው? ሦስተኛዬ እኮ ነው!"

"ተይኝ ልጄ።"

ሆድ ባሳት። እንባዋ ዱብ ዱብ አለ። "እሷን ቀበርን፤ አሁን ደግሞ እርስዎን ቁጭ ብዬ ልይ?"

አባቷ እንዳጠፋ ተማሪ አቀረቀሩ።

"የእናንተ ሾርባ ይኸው ነው፤ አልተሳሳትሽም። የእኔ ግን ሌላ ነበር" አሉ። "በተጋባን በወሩ ሠራችልኝ። ያኔ ሙያ የሚባል አልፈጠረባትም፤ ጥሬውን ሳማ ከላይ ነስንሳ አቀረበችልኝ። ከንፈሬ ነደደ፣ ምላሴ ነደደ። እሷ ቆማ ታየኛለች። ምን ልበል? ይሉኝታ ያዘኝና 'እንዲህ ያለ በልቼም አላውቅ' አልኳት።"

"ከዚያስ?"

"ከዚያማ እናንተ ስትወለዱ በወጉ ማብሰል ተማረች። የእኔን ግን፣ እሱ የሚወደው እንዲህ ነው ብላ፣ በየዓመቱ ጓዳ ገብታ ጥሬውን ትከትፍልኛለች። አርባ አንድ ዓመት! እንዴት ብዬ ውሸቴን ነበር ልበላት?"

ልብስ ሰፊዋ እያለቀሰች ሳቀች። እናቷ በጣም ናፈቋት። ጓንቱን ረስታ ወጣች፤ አንድ እፍኝ ቆረጠች፤ እጇ እየነደደ ከትፋ ሾርባው ላይ ነሰነሰችው።

አባቷ አንድ ማንኪያ ጎረሱ። ከንፈራቸው ቀላ፣ ዓይናቸው እንባ አቀረረ። ሁለተኛውን አስከተሉ፤ ሦስተኛውን። ከዚያ በኋላ መቁጠሩን ተወችው። ሳህኑ ታቹ እስኪታይ ቀና አላሉም።

"ጣፈጠዎት አባባ?"

"ኧረ ወዲያ! ምኑ ይጣፍጣል?" አሉና ባዶውን ሳህን ዘረጉላት። "ጨምሪልኝ።"