ሲቆም ብቻ የሚጮኽ ስልክ

በእኔ ሥራ ሰላምታ የለም። ስልኩ ይጮኻል፣ አነሳለሁ፣ «ቆመ!» ይሉኛል። እንዴት አደርሽ፣ ደህና ነሽ ወይ ብሎ ነገር የለም። የውሃ ቧንቧና መገጣጠሚያ በሚሸጥ ድርጅት ውስጥ የዳታቤዝ ኃላፊ ነኝ። ሱቆቹ የሸጡትን፣ መጋዘኑ ያስረከበውን ሁሉ የሚመዘግቡበትን ሲስተም የምጠብቀው እኔ ነኝ። ሲሠራ የሚያስታውሰኝ የለም። ሲቆም ግን የማያውቀኝ የለም።

ክፍሌ ከደረጃው ሥር ናት። ዳታቤዙን የተሸከሙት ኮምፒውተሮች፣ ሰርቨሮቹ፣ እንዳይግሉ ማቀዝቀዣው ያለ ዕረፍት ስለሚነፍስ፣ ውጭ ያለው ሰው በሙቀት ላብ በላብ ሲሆን እኔ ሹራብ ደርቤ እቀመጣለሁ። መስኮት የላትም። ብቅ የምትልብኝ የጽዳት ሠራተኛዋ ብቻ ናት፤ እሷም «ኧረ ብርዱ!» ብላ መጥረጊያዋን ይዛ ትሮጣለች። ቤቴ ብሄድም ያው ነው። እናቴን እስከ መጨረሻዋ አስታምሜ ከቀበርኩ ወዲህ እዚያ ቤት የሚናገረው ራዲዮኑ ነው። እህቴ ሌላ ከተማ ባልና ልጆች አሏት። ስትደውል «ብቻሽን አይሰለችሽም?» ትለኛለች፤ «ኧረ ለምጄዋለሁ» እላታለሁ። ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ።

እንግዲህ እውነቱን ልናገርና፣ ያንን ስልክ እወደው ነበር። ጠዋት ጠዋት ቀድመው የሚደውሉት የመጋዘኑ ሹም ናቸው። መጋዘኑ ከከተማው ዳር ስለሆነ በዓይን ተያይተን አናውቅም፤ በድምፅ ግን ዘመድ ሆነን ነበር።

«እህቴ፣ ቆመ!»

«እንዴት አደሩ ጋሼ?»

«እንዴት ላድር? ቆመ እያልኩሽ!»

«አሁን ይለቃል። ጉልበትዎ እንዴት ሆነልዎ?»

«ጉልበቴማ ከሲስተምሽ ይሻላል። እያነከሰም ቢሆን ይሄዳል።»

የሚቆምበትን ምክንያት አውቀዋለሁ። ጠዋት ላይ የሒሳብ ክፍሉ ትልቁን ሪፖርት ያወጣል። ከእኔ በፊት የነበረው ሰውዬ ደግሞ መረጃው የሚሰፍርባቸውን ሠንጠረዦች የሠራቸው በጥንቱ ዓይነት ነው፤ አንዱ እያነበበ ሌላው ልጻፍ ካለ ሠንጠረዡ በሙሉ ይቆለፍበታል። አንድ መታጠቢያ ቤት ብቻ ያለውን ቤት ማሰብ ነው። አባወራው ጋዜጣ ይዞ ከገባ ቤተሰቡ ሁሉ በር ላይ ይሰለፋል። ሪፖርቱ ተነቦ እስኪያልቅ መጋዘኑ ዕቃ አያስረክብም፣ ሱቆቹም ደረሰኝ አይቆርጡም።

እስኪያልቅ ድረስ ታዲያ ጋሼ ስልኩን አይዘጉትም ነበር። ሴት ልጃቸው ለፈተና እንዴት እንደምታጠና፣ ሐኪም ጨው የከለከላቸው እሳቸው ሆነው ሳለ ባለቤታቸው የጨውን ዕቃ ከእንግዳም ጭምር እንዴት እንደሚደብቁ፣ ሁሉን ያጫውቱኛል። እኔም የእናቴን የመጨረሻ ሰሞን፣ ለገዛ እህቴ እንኳ ያልነገርኳትን፣ ለእሳቸው ነግሬያቸዋለሁ። «አይዞሽ እህቴ፣ ሰው ነን» አሉኝ። በዚያች ቃል ስንት ጊዜ ከረምኩ።

አንድ ቀን ሥራ አስኪያጁ ጠራኝ። አብረን የተቀጠርን ነን፤ እሱ ደረጃውን ወጣ፣ እኔ ከደረጃው ሥር ቀረሁ።

«ሱቆች ልንጨምር ነው» አለኝ። «እንዲህ በየጠዋቱ እየቆመ የትም አንደርስም። የሚሸጡትን ዳታቤዞች ጠይቄ ነበር፣ ዋጋቸውን ስሰማ ውሃ ሆንኩ። ከነፃዎቹ ይሁን። ያለንበት ማይኤስኪውኤል ላይ እንቆይ ወይስ አንቺ ወደምትይው ፖስትግሬስ እንሂድ? አጥኚና አንዱን ምረጪልኝ።»

«ሁለቱም ነፃ ናቸው፣ ኮዳቸውም ለሁሉም ክፍት ነው…»

«እሱ እኮ ነው የሚያስፈራኝ። ባለቤት የሌለው ነገር ሲበላሽ ማንን ልክሰስ?»

«እኔን።»

«አንቺን ከስሼ ምን ላገኝ? ሹራብሽን?»

ተሳሳቅን። ወደ ክፍሌ ወርጄ ወንበሬ ላይ ስቀመጥ ነው ነገሩ የከነከነኝ። መቆሙ ከቀረ ስልኩም ይቀራል።

ጥናቱን ግን በደንብ ነው የያዝኩት፤ በሥራዬ አልታማም። ሁለት ኮምፒውተሮች ጎን ለጎን አስቀምጬ በአንዱ ማይኤስኪውኤልን፣ በሌላው ፖስትግሬስን ጫንኩና ያንኑ መረጃ ሰጠኋቸው። የዳታቤዝ ሰዎች ስለነዚህ ሁለቱ ሲከራከሩ ርስት የሚካፈሉ ወንድማማቾች ይመስላሉ። እኔ ወገን የለኝም። ሁለቱም በደህና እጅ ከተያዙ ቤት ያቆማሉ። የእኛው ማይኤስኪውኤል ግን ድሮ በተተከለበት አኳኋን እሺ ባይ ምራት ሆኖ ኖሯል፤ የሰጡትን ሁሉ ዝም ብሎ ይቀበላል። ፖስትግሬስ ደግሞ በር ላይ ቆሞ «ይሄ ምንድነው?» ይላል። ገና መረጃውን ማስገባት ስጀምር ብዙውን መስመር መለሰብኝ። ቀኑ ዜሮ፣ ወሩ ዜሮ የሆነ ሽያጭ ነበረና።

እነዚያን መስመሮች ለማጣራት ለየሱቁ መደወል ነበረብኝ። ለአንዷ ሻጭ፣ ችኩሏ ለምላት፣ ደወልኩ።

«እትዬ፣ ቆመ እንዴ?»

«አልቆመም። በዜሮ ቀን ቧንቧ ሸጠሻል ይላል።»

«በዜሮ ቀንማ እኔ ዕረፍት ነበርኩ!»

እስከ ምሳ ድረስ ብቻዬን ስስቅ ዋልኩ። ያ ሰሞን ጥሩ ሰሞን ነበር። ሰው ሳይቸገር፣ እኔው ደውዬ፣ ሰው አነጋገርኩ።

መረጃው ከጠራ በኋላ ዋናውን ፈተና ፈተንኩ። የሒሳብ ክፍሉን ሪፖርት አስነሳሁና በዚያው ሰዓት የሱቆቹን ሽያጭ ሁሉ ባንድ ላይ ለቀቅኩበት። ፖስትግሬስ አንዱንም አላስጠበቀም። አንባቢው ያነባል፣ ጸሐፊው ይጽፋል፣ ማንም የማንንም በር አይዘጋም። በማይኤስኪውኤልም ቢሆን ሠንጠረዦቹ ወደ አዲሱ ዓይነት ቢቀየሩ መቆሙ ይቀራል፤ እሱንም ፈትኜ አይቻለሁ። ቆሻሻውን በር ላይ መመለሱና ከባዱን ሪፖርት ቶሎ መጨረሱ ግን፣ ለእኛ ቤት፣ ሚዛኑን ወደ ፖስትግሬስ ደፋው። ደስ ሊለኝ ሲገባ ዞሬ ስልኩን አየሁት።

ከዚያ ለሥራ አስኪያጁ የምሰጠውን ወረቀት ለመጻፍ ተቀመጥኩ። ጣቶቼ የጻፉት ሌላ ነው። «ባለንበት መቆየት ይሻላል» ብለው ጻፉ። ሠራተኛው ለምዶታል፤ እውነት ነው። ባለሙያው በቀላሉ ይገኛል፤ እውነት ነው። ዳታቤዝ መቀየር አደጋ አለው፤ እውነት ነው። ሠንጠረዦቹን ቀስ በቀስ እናድሳቸዋለን አልኩ፤ ይሄም አይዋሽም። ቀስ በቀስ ማለት ምን ያህል ቀስ ማለት እንደሆነ የምወስነው ግን እኔ ነኝ። ጡረታ እስክወጣ ሊሆን ይችላል። አንድም ሐሰት ሳይኖርበት ከራስጌ እስከ ግርጌ ውሸት የሆነ ወረቀት ነበር። አተምኩት።

በማግስቱ ይዤው ልወጣ ስል ስልኩ ጮኸ።

«እህቴ፣ ቆመ!»

«አሁን ይለቃል ጋሼ።» ከኋላቸው ጩኸት ይሰማኛል፣ የመኪና ጥሩንባም አለ። «ዛሬ ግርግር በዛ። ልዝጋልዎና ሥራዎን ይሥሩ?»

«ኧረ እንዳትዘጊብኝ!» ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። «ስልክ ላይ ስሆን ነው የሚተዉኝ። ከዋናው መሥሪያ ቤት ጋር እየተነጋገረ ነው ብለው ይታገሳሉ። የዘጋሁት እንደሆነ ዕቃ ሊጭኑ የተሰለፉት ሾፌሮች የሚያወርዱብኝን ስድብ አትጠይቂኝ። በዚህ ዕድሜዬ፣ በልጆቼ እኩያ። ጨው ነው፣ ጉልበት ነው፣ ምናምን ቅብጥርሴ እያልኩ የምለፈልፍብሽ ለዚህ እኮ ነው። አንቺም ሥራ እያለሽ ትሰሚኛለሽ። እግዜር ይስጥልኝ።»

ክው አልኩ። እኔ ወግ ያልኩት ለእሳቸው መከለያ ነበር። የሚያወሩት ከእኔ ጋር ሳይሆን እኔን ተገን አድርገው ነበር።

አልዋሽም፣ መጀመሪያ ያዘንኩት ለራሴ ነው። እንደ ልጅ ነው ያኮረፍኩት። የእናቴን ሞት ሳይቀር የነገርኩት ሰዓት ለሚገፋ ሰው ነው ወይ አልኩ። ኩርፊያው ትንሽ ሲበርድልኝ ግን ያ ጥሩንባ ጆሮዬ ላይ ቀረ። እኔ ሹራቤን ደርቤ የሞቀ ጨዋታ ስጫወት ሰውዬው ሰው ፊት እንዳይሰደቡ ስልኩን ተከልለው ነበር። ያ ደግሞ ነገም ከነገ ወዲያም እንዲቀጥል የሚያደርገው ወረቀት እጄ ላይ ነበር። ቀደድኩት።

ሥራ አስኪያጁ ዘንድ ባዶ እጄን ወጣሁና «ፖስትግሬስ» አልኩት።

«ለምን?»

«ሻጩና ሪፖርት አውጪው አይጠባበቁም። የተበላሸ ነገርም አይቀበልም።»

«የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች እንዳይሆንብን።»

«የብብታችንን ቅጂ አስቀምጬልሃለሁ። ካልሆነ እንመለሳለን።»

«አንቺስ ሥራ አይበዛብሽም?»

«አይበዛብኝም» አልኩት። «ይቀንሳል።»

የዕረፍት ቀን መርጬ መረጃውን አሻገርኩት። ሕንጻው ውስጥ ከእኔና ከዘበኛው በቀር ሰው አልነበረም። ፀሐይ ሳትጠልቅ ጨረስኩ፤ ቆጠርኩ፣ አመሳከርኩ፣ አልጎደለም። የምስራቹን የምነግረው ፈልጌ ለእህቴ ደወልኩ። ልጆቿ ሲጮኹ ይሰማኛል። «ዳታቤዙን ቀየርኩት» አልኳት። «ጎሽ! ያ የሚያስቸግርሽ ኮምፒውተር ነው?» አለችኝ። «አዎ፣ እሱ» አልኳት።

በማግስቱ ጠዋት ስልኩ አጠገብ ተቀመጥኩ። የሪፖርቱ ሰዓት ደረሰ፤ አለፈ። ማቀዝቀዣው ይነፍሳል። ስልኩ የተበላሸ መስሎኝ አንስቼ አዳመጥኩት፤ ድምፅ አለው። ረፋድ ላይ ሥራ አስኪያጁ ከስንት ዘመኑ ደረጃውን ወርዶ ክፍሌ ድረስ መጣ። «ማንም አልደወለም! አንድ ሰው እንኳ!» አለና እጄን ጨበጠኝ። እንኳን ደስ አለህ አልኩት፣ ከአንገት በላይ። «ኧረ ብርዱ!» ብሎ ወጣ።

እንዲህ እንዲህ እያለ ሰነበተ። አንድ ጊዜ ብቻ ጮኸ፤ የሒሳብ ክፍል መስሏቸው የተሳሳቱ ሴትዮ ነበሩ። ትክክለኛውን ቁጥር ቶሎ መንገር እየቻልኩ የት እንደሚኖሩ ሁሉ ጠየቅኋቸው። ሴትዮዋ ግራ ገብቷቸው ዘጉት። በራሴ አፈርኩ።

በመጨረሻ ሳይጠሩት አቤት፣ ሳይልኩት ወዴት ይሉኛል እያልኩም ቢሆን አንድ ከሰዓት ፈቃድ ወስጄ አውቶቡስ ተሳፈርኩና ወደ መጋዘኑ ሄድኩ። ግቢው አዲስ ፕላስቲክና አቧራ ይሸታል። መኪኖቹ ተሰልፈዋል፣ ሰልፉ ግን ይንቀሳቀሳል። ሾፌሮቹ ተራቸው ሲደርስ ወረቀታቸውን በመስኮት ያቀብላሉ፣ ማኅተም ይመታላቸዋል፣ ይሄዳሉ። የሚጮኽ አልነበረም። ከመስኮቱ ኋላ ያሉት ሰውዬ ከድምፃቸው ያነሱ፣ መነጽራቸው አፍንጫቸው ጫፍ ላይ የወረደ ደቃቃ ሰው ናቸው። በጎን በኩል ባለው በር ገባሁ።

«እንደምን ዋሉ ጋሼ?»

እጃቸው ከኪቦርዱ ላይ ተነሣ። ፊቴን ሳይሆን ስክሪኑን አዩ።

«እህቴ? ቆመ እንዴ?»

ሰልፍ ላይ ያሉት ሾፌሮች ሁሉ ወደ እኔ ዞሩ።

«ኧረ አልቆመም።»

«ታዲያ ምን እግር ጣለሽ?»

በመንገድ ላይ ያዘጋጀሁት ሰበብ ነበረኝ፤ ፕሪንተሩን ልይ ብዬ፣ ምናምን ብዬ። ጠፋብኝ። «ላይዎት ብዬ ነው» አልኳቸው።

«ተመስገን! አስደነገጥሽኝ እኮ!» ጉልበታቸውን እያሹ ተነሡና ወንበር በእጅጌያቸው አራግፈው ሰጡኝ። ዓይናቸው ደግ ነው፤ ድምፃቸው አልዋሸም። «አንቺ ነሽ እንግዲህ! እኔ ደግሞ ረጅም ትመስይኝ ነበር። ይኸውልሽ፣ ያቺ ልጄ…»

አንድ ሾፌር ወረቀት አቀበላቸው። መዘገቡ፣ ማኅተም መቱ። «አባባ፣ እጅዎ ይባረክ» ብሎ ሄደ። «ምን እያልኩሽ ነበር? ያቺ ልጄ…» ሌላው አቀበላቸው። ከኋላው ሌላ አለ፣ ከእሱም ኋላ ሌላ። ሲስተሙ ሲቆም ብቻ የሚገኘው ያ ፋታ ከየትም አልመጣም። የሚሰድባቸው እንደሌለ በዓይኔ አየሁ፤ ደስ አለኝ፣ ከልቤ ነው ደስ ያለኝ። የመጣሁበትን ግን የት እንደማስቀምጠው ቸገረኝ። ወንበሩ ላይ ትንሽ ቆይቼ ተነሣሁ።

«ልትሄጂ ነው? ይኸው እንዳየሽው መተንፈሻ የለም። አሁን እንዲህ ሆንን።» ማኅተሙን እንደያዙ በግራ እጃቸው ጨበጡኝ። «አይዞሽ፣ ሲቆም እደውልልሻለሁ። ያኔ በደንብ እናወጋለን።»

«እሺ ጋሼ፣ ሲቆም» አልኳቸው።

እንደማይቆም አሳምሬ አውቃለሁ። የመረጥኩት እኔ ነኝ።