ሳይነገራት የተቀበረው

ሰብሊ አልቅሳ ሳይወጣላት የቤተሰቡ ሽማግሌ ጋሼ ፍቅረማርያም «በቃ፣ አታስለቅሷት» አሉ። ሰው ሁሉ እንደ ልቡ በሚያለቅስበት ቤት እሷ ብቻ ተከለከለች። አንዷ ውኃ አቀበለቻት፣ ሌላዋ ትከሻዋን ያዘቻት። ለቀስተኞች ከተቀመጡባቸው ታጣፊ ወንበሮች በኩል ደግሞ ካውንስለር፣ የሥነ ልቦና አማካሪ ጋ እንደምትመላለስ ሲንሾካሾኩ ሰማች።

አባቷ ግርማቸው ከተቀበረ ሳምንት አልፎታል። እሷን ያረዷት ግን ትናንት ማለዳ፣ የዩኒቨርሲቲ ፈተናዋን ጨርሳ ቤት እንደገባች ነው። ባሕር ማዶ እንዳለ ዘመድ ደበቋት፤ የነበረችው ግን ቤተሰቡ ባለበት በዚያው በካሊፎርኒያ፣ የአንድ ሰዓት በረራ ርቀት ላይ ነበር።

አምና ካውንስለር ማየት መጀመሯን የነገረችው ለአባቷ ብቻ ነበር። እንቅልፍ አጥታ፣ ክፍል መግባት አቅቷት ነበር። ግርማቸው ከበርባንክ ኤርፖርት ሰው የሚያመላልስበትን መኪና ይዞ ግማሽ ቀን ነድቶ መጣ። ቀጠሮዋን እስክትጨርስ ቢሮው በር ላይ ጠበቃት። መቀመጫ ጠፍቶ የቆሙትን ተማሪዎች ሲያይ ቆይቶ ነበርና ስትወጣ፣ «ይሄ ሁሉ ልጅ ነው የሚጨነቀው? ሶ አንቺ ብቻሽን አይደለሽማ» አላት። ለእናቷ እንዳይነግር አስማለችው። ማለላት።

አሁን እናቷ ፋናዬ አጠገብ ተቀምጣለች። በፈተናው ሰሞን ከአባቷ ስልክ መልእክት ይመጣላት ነበር፤ ድምፄ ተዘግቷል፣ አይዞሽ፣ በርቺ የሚል። ያንን እያነበበች ነበር የምትተኛው።

«ከዳዲ ስልክ ቴክስት የምታደርጊልኝ አንቺ ነበርሽ?»

ፋናዬ ነጠላዋን ወደ ፊቷ ሳበች። «ምን ላድርግ ልጄ? ካውንስለር ጋ እንደምትሄጂ ነግሮኝ ነበር። ብነግራት አንድ ነገር ትሆንብኛለች ብዬ ፈራሁ። ጋሼም ፈተናዋን ትጨርስ አሉ።»

ነግሯታል ማለት ነው። አምና የሰጠችው ምስጢር ነው ከቀብሩ ያስቀራት። ሁለቱም ከድተዋታል፤ አንደኛውን ደግሞ ለምን ብላ ልትጠይቀው አትችልም።

«ካውንስለር ያለኝ እኮ ለእንደዚህ ዓይነት ቀን ነው» አለች ቀስ ብላ። «ብትነግሪኝ የሚይዘኝ ሰው ነበረኝ። እኔ አልቅሼ እቀብረው ነበር።»

ፋናዬ ጠጋ አለቻትና ልታቅፋት እጇን ዘረጋች። በዚህ መሀል አዲስ ለቀስተኞች ገቡ፤ እንደ ደንቡ በተራ እያጎነበሱ ፋናዬን ያጽናኑ ጀመር።

ሰብሊ ተነሣች። ወደ በሩ ሄዳ ከመጨረሻዋ ሴትዮ ኋላ ቆመች። ተራዋ ሲደርስ አጎንብሳ የእናቷን እጅ ያዘች።

«እግዚአብሔር ያጽናሽ» አለቻት።

ከዚያም ሄዳ ከእንግዶቹ ጋር ታጣፊ ወንበር ላይ ተቀመጠች።