የአስተርጓሚው መንጋጋ

ቦልቴ በሶዶ ከተማ በአንድ ችሎት ከወላይትኛ ወደ አማርኛ፣ ከአማርኛ ወደ ወላይትኛ ሲያስተረጉም አሥራ ስምንት ዓመት ሞልቶታል። የሥራው ደንብ ነውና «እንዲህ አሉ» ብሎ አያቀብልም፤ ራሱ በባለጉዳዩ ቦታ ሆኖ «እኔ» ይላል። «በሬዬ ተሰረቀብኝ» ይላል፤ «ሚስቴን በድያለሁ» ይላል። ማታ ቤቱ ሲገባ ግን ከባለቤቱ ከእልፍነሽ ጋር ብዙም አይጫወትም።

አንድ የሰኔ ጠዋት ጉም ከዳሞታ ተራራ ወርዶ የችሎቱን መስኮት ሸፈነው። ከሁምቦ ቆላ የመጡ አንዲት እናት ስለሞተው ልጃቸው ይመሰክራሉ። ድምፃቸው ለቦልቴ ከውኃ ሥር የሚመጣ ያህል ራቀበት። «ልጄን በእነዚህ እጆቼ…» ብሎ ሲጀምር ከጆሮው ሥር ቀጭ አለና መንጋጋው ተቆለፈ። አፉ አንድ ጣት እንኳ በቅጡ አያስገባም። ዳኛው ጠበቁት፤ እናትየዋም ጠበቁት። ከመስኮቱ ውጭ ጉሙ ብቻ ቀስ እያለ ያልፋል። በመጨረሻ ሌላ አስተርጓሚ ተጠራ።

እልፍነሽ ወደ ጥርስ ክሊኒክ ወሰደችው። ሐኪሟ ሩታ ከጎንደር ተመድባ የመጣች ወጣት ናት። ቦልቴ በተገጠመ አፉ እያጉተመተመ የመንጋጋ ጥርሱን እንድትነቅልለት ለመናት። እሷ ግን ራጅ አንስታ ጥርሶቹ ደህና መሆናቸውን ነገረችው። ከዚያ ጣቶቿን ከጆሮዎቹ ፊት አኑራ፣ ቀስ ብሎ እንዲከፍት ጠየቀችው።

«ሕመሙ እዚህ ነው» አለች። «መንጋጋዎ ከራስ ቅልዎ ጋር በሚገጥምበት ቦታ እንደ ትንሽ ትራስ ያለች ነገር አለች። እሷ ተንሸራታለች። ጥርስ ብነቅልልዎ ጤነኛውን ነው የምነቅለው።»

እልፍነሽ ያኔ ለዓመታት የያዘችውን ተናገረች፤ ተኝቶ ጥርሱን ሲያፋጭ ድንጋይ የሚፈጭ እንደሚመስል። ሩታ ሥራውን ጠየቀችው፤ ነገራት። ካርዱ ላይ ጽፋ ቀና አለች።

«ያ ሁሉ የሰሙት ሲያስጨንቅዎ ለማን ያወራሉ?»

ለማንም አለማውራቱን ነገራት። የእሱ ጉዳይ አይደለማ።

በዳጣ በርበሬ እያጠቀሰ የሚበላው የቅዳሜ ቁርጥ ሥጋ ቀረ። እልፍነሽ ቦዬ የሚሉትን ሥራ ሥር ቀቅላ፣ ፈጭታ፣ በቅቤ አርሳ ታበላው ጀመር። ጠዋትና ማታ ለብ ያለ ጨርቅ ጉንጩ ላይ ያኖራል፤ ቀን ከንፈሩን ገጥሞ፣ ጥርሶቹን ሳያነካካ መዋልን ተለማመደ። በሦስተኛው ሳምንት አፉ ሁለት ጣት ሲያስገባ ሩታ የጥርሱን ልክ ወስዳ፣ ሲተኛ የሚያጠልቀውን ጠንካራ የፕላስቲክ መሸፈኛ አሠራችለት። መስከረም ሲጠባ ሦስት ጣት ደረሰ። ቀጭታው እንዳለ ነው፤ ሩታ ግን ካላመመው እንዳይፈራው ነገረችው።

ሥራ በጀመረበት ሳምንት፣ እሑድ ከሰዓት በኋላ ከእልፍነሽ ጋር በእንሰቱ ጥላ ተቀምጠው ሳለ፣ እሷ ሳትጠብቀው በወላይትኛ ማውራት ጀመረ።

«ዳና በቤሌ ከተማ የሞተ ዕለት፣ መርዶው የደረሰኝ ችሎት ላይ ነበር። ሁለት መዝገብ አስተርጉሜ ነው የተነሣሁት።»

ዳና ታናሽ ወንድሙ ነበር። ከሞተ ሰባት ዓመት ሆኖታል፤ መርዶው ችሎት ላይ እንደደረሰው ግን እልፍነሽ ሰምታ አታውቅም። በርጩማዋን ወደ እሱ አስጠጋች። ቦልቴ ዳና በልጅነቱ እንዴት ይስቅ እንደነበር፣ ወንዝ ሲሻገሩ እንዴት ጀርባው ላይ ይንጠለጠልበት እንደነበር፣ ፀሐይ እስክታዘቀዝቅ አወራላት።