ቆምጣጣው ጥቁር

አሰገደች የመጀመሪያውን ወይን ጠጅ ስትቀምስ ፊቷ ተጨማደደ፤ ጥርሷ ጠረሰ፣ ምላሷ ታሰረ።

«ስታማቲ፣ ይሄን ደግሞ ማን ይጠጣዋል?»

«ዘንድሮ? ማንም» አላት ባሏ እየሳቀ። «ከርሞም ማንም። ይሄ የሚቸኩል ሰው መጠጥ አይደለም።»

ሙሴ ስታማቲ ግሪካዊ ነው። ጣልያን ከወጣ በኋላ አሰገደችን አግብቶ፣ ድሬዳዋ ከዚራ ሰፈር፣ ከባቡር ጣቢያው አጠገብ አብረው ምግብ ቤት ከፈቱ። አንድ ጊዜ አገሩን ሊጠይቅ ሄዶ ሲመለስ ይዞላት የመጣው ሐርም ወርቅም አልነበረም፤ በእርጥብ ጆንያ የተጠቀለለ የወይን ሐረግ ቁርጥራጭ ነበር። በሰሜን ግሪክ አባቱ ሲያለሙት የኖሩት ዘር ነው። ክሲኖማቭሮ ይሉታል፤ ቆምጣጣው ጥቁር ማለት ነው።

የድሬዳዋ ሙቀት እንዳይፈጀው ከከተማው ወጣ ብለው፣ ሐርላ ዳገቱ ላይ፣ ሮብሌ ከሚባል ገበሬ ጋር በእኩል ተከሉት። ሮብሌ ሐረጉን እንደ ልጁ ይንከባከባል እንጂ ጠጁ አጠገብ አይደርስም። «ወላሂ እኔ የማውቀው ፍሬውን ነው» ይላል። «ከተጨመቀ በኋላ ያለው የእናንተ ጉዳይ ነው፣ አቦ!»

ሐረጉ አፍርቶ ፍሬው ከተጨመቀ በኋላ፣ ወይኑ ከምግብ ቤቱ ሥር በተቆፈረ ምድር ቤት በበርሜል ተኛ። ስታማቲ ወለሉ እንዲቀዘቅዝ አሸዋው ላይ ጠዋት ማታ ውሃ ያርከፈክፋል። በርሜሉ ሲጎድል ይሞላል፤ አተላው ሲዘቅጥ ጥሩውን ወደ ሌላ በርሜል ይገለብጣል። ደንበኞቹ ይስቁበታል። ሆቴል ያለው አንድ ወዳጁ «ስኳር ጨምርበትና ገላግለን» ቢለው እንደ ተሰደበ ሰው ቀላ።

«ዕድሜ የሚሰጠው እኮ ይሄ መቆምጠጡ ነው!» አለው። «ዛሬ አፍህን የሚያስረው ነገር ነው ነገ ወይኑን ከመበላሸት የሚያቆየው።»

አሰገደች ነገሩ ያኔ ብዙም ባይገባትም፣ አለመበገሩን ወደደችለት።

ወይኑ ገና በርሜል ውስጥ ሳለ ስታማቲን ተስቦ ጣለው። ከሞት አፋፍ ተመለሰ። አሰገደች ነጭ ሽንኩርት ስታቁላላ አጠገቧ ቆሞ «ዛሬ ምን ትሠሪያለሽ?» ብሎ የጠየቃት ቀን ግን፣ በሽታው ምን ይዞበት እንደሄደ ለሁለቱም ገባቸው። አፍንጫው አያሸትም።

«አለቀልኝ» አለ ምድር ቤቱ ደረጃ ላይ ቁጭ ብሎ። «አፍንጫ የሌለው ሰው ወይን ምን ብሎ ያሳድጋል?»

«የእኔ አፍንጫ አለ አይደል?» አለችው። ከበርሜሉ ቀድታ አሸተተች።

«ምን ይላል?»

ቃል ፈለገች። «እንደ… ፀሐይ ላይ የተሰጣ ቲማቲም። ከሥሩ ደግሞ የአዲስ ጫማ ቆዳ አለበት።»

ስታማቲ ቀና አለ። «ቲማቲም አልሽ? አባቴም እንደዚያ ይሉ ነበር!»

ከዚያ ቀን ወዲህ እሷ ትቀምሳለች፣ እሱ ይጠይቃል። የነገረችውን ይዞ ምን መደረግ እንዳለበት ያስረዳታል። አንዱን በርሜል «ይሄ ኮምጣጤ ሆኗል» ስትለው ወዲያው እየገፋ አወጣው፤ ሌሎቹን እንዳይበክል።

ዓመታት አለፉ። አንድ ጠዋት ስታማቲ ባዶ ጠርሙሶቹን አሳጥቦ፣ ቡሾቹን ዘርግቶ ጠበቃት።

«ይበቃዋል፤ ዛሬ እንሙላው።»

ቀመሰች። «አልደረሰም። አሁንም ምላሴን ይይዘኛል።»

«እየሸመገልኩ ነው እኮ፣ አሰጉ።»

«አንተ ሸምግለሃል፤ እሱ ገና ነው።»

ስታማቲ በርሜሉን ዳበሰ። ከዚያ ቡሾቹን አንድ በአንድ ወደ ሣጥናቸው መለሰ። አሰገደች ብዙ ጎበዝ ወንድ አይታለች፤ የዕድሜ ልክ ምኞቱን በሌላ ሰው ምላስ ላይ ጥሎ እንቅልፍ የሚወስደው ግን ከእሱ በቀር አላየችም። እሷ ራሷ ያን ሰሞን እንቅልፍ አጥታ ነበር።

በሚቀጥለው ዓመት «አሁን» አለችው። ጠርሙስ ውስጥ ገብቶም ብዙ ከረመ።

በአንድ ፋሲካ ፓናዮቲ የሚባል የስታማቲ አገር ልጅ፣ ነጋዴ ነው፣ ከጅቡቲ በባቡር መጣ። አሰገደች ጠርሙስ ከፈተችለት። ወይኑ ጥቁረቱን ትቶ የሸክላ ቀለም ይዟል። ሰውየው ጎንጨት አለ። ደግሞ ጎንጨት አለ።

«ይሄ የአባትህ ወይን አይደለም» አለ በግሪክኛ።

ስታማቲ ፊቱ አመድ መሰለ።

«የአባትህ ወይን እንዲህ ያለ ፀሐይ የት አግኝቶ? ጥንካሬው ግን የአባትህ ነው። ከእኔም ከአንተም በላይ ይኖራል። ማን ነው የሠራው?»

ስታማቲ በአገጩ ወደ አሰገደች አመለከተ። ፓናዮቲ ከወንበሩ ተነሥቶ እጅ ነሣት። እሷ ግን የምታየው ባሏን ነበር፤ ብርጭቆውን በሁለት እጁ ይዞ፣ ሽታው ለማይደርሰው ወይን እንባው ይወርዳል።

በማግስቱ ስታማቲ በቀረው ጠርሙስ ሁሉ ላይ በግሪክ ፊደል የሆነ ነገር ጻፈ። ምን እንደሆነ ብትጠይቀው «ስምሽ ነዋ» አላት፤ ቀና እንኳ ሳይል፣ ሥራውን እንደያዘ።