የማርቴ ቦርሳ

“ኔሌ! ተነሺ፣ ትገቢያለሽ!” አለች አሰልጣኟ ዓይኗን ከሜዳው ሳትነቅል።

ኔሌ ዘላ ተነሳች። ሹራቧን ልታወልቅ ስትል አንዱ እጅጌ ተገልብጦ ክርኗ ላይ ያዛት። ዓመቱን ሙሉ የተጠባባቂ ወንበር ስታሞቅ የከረመች ልጅ ምን ታድርግ፣ ሹራብ አወላለቁም ጠፍቷታል። አጠገቧ የተቀመጠችው ልጅ ናት ጎትታ ያወጣችላት።

“የምትይዣትን ታውቂያለሽ” አለች ኮች ብሬናን ትከሻዋን ጨምድዳ ይዛ። “ቀኟን ዝጊባት። ወደ ግራ ብቻ ትሂድ። ሌላ ምንም አልፈልግም ካንቺ።”

“እሺ ኮች።”

እሺ ማለት ቀላል ነው። ወደ ግራ ብቻ የሚለውን ዘዴ ለአሰልጣኟ ያቀበለቻት ራሷ ኔሌ ነበረች።

ሜዳው መሃል ማርቴ እጆቿን ወገቧ ላይ አድርጋ ቆማለች። ፊቷ ቀልቷል፣ ፀጉሯ ከላቡ ጋር ግንባሯ ላይ ተለጥፏል፤ ኔሌን ስታይ ግን ፊቷ ሁሉ ጥርስ ሆነ። ሁለቱም የቲልት ልጆች ናቸው፤ ከቤልጅየም፣ ከምዕራብ ፍላንደርስ፣ ከአንድ ሰፈር። የወተት ጥርሳቸው ሳይረግፍ አንድ የቅርጫት ኳስ ክለብ ገብተው፣ አንዷ ሌላዋ ቤት እየተኛች አድገው፣ በአንድ አውሮፕላን አሜሪካ መጡ። ኔሌ ኢንዲያና ቀረች፣ ማርቴ ኦሃዮ ሄደች። ኮሌጆቻቸው ሲጋጠሙ ማርቴ ትጫወታለች፣ ኔሌ ከወንበሯ ሆና ታያለች። ሜዳ ላይ ፊት ለፊት ሲቆሙ የዛሬው የመጀመሪያቸው ነው።

“እሰይ፣ ፈቱሽ!” አለች ማርቴ በአገራቸው አነጋገር፤ ብራስልስ ያለ ሰው እንኳ ግማሹን የማይሰማው የገጠር አነጋገር ነው። “በክርን ብትነኪኝ ቦርሳዬን ነው የምትሸከሚው፣ ነግሬሻለሁ!”

ኔሌ ልትስቅ ፈለገች። ከንፈሯ እሺ አላላትም።

የቦርሳው ነገር የዊሊ ሕግ ነው። ዊሊ ቀን ቀን ሥጋ ሲሸጥ ውሎ ማታ የቲልትን ሴቶች ልጆች የሚያሠለጥን ሽማግሌ ነበር። ሲቆጣ ጣሪያው ይናወጣል፣ ሕጉ ግን አንድ ብቻ ነው። ጓደኛሽን የበደልሽ እንደሆነ፣ ከጨዋታ በኋላ ቦርሳዋን ተሸክመሽ እስከ ክለቡ ካንቲን ታደርሻለሽ። በሩ ላይ ስትደርሺ ምን እንዳጠፋሽ በገዛ አፍሽ ትናገሪያለሽ። ከዚያ ገብታችሁ ኮካችሁን ትጠጣላችሁ፣ ነገሩን ዳግመኛ የሚያነሳ የለም። አንዴ ማርቴ የኔሌን ቦርሳ ተሸክማ፣ “ጫማሽን ሽንት ቤት የደበቅኩት እኔ ነኝ!” ብላ ስትንሰቀሰቅ ካንቲን ሙሉ ሰው በሳቅ ፈርሷል። ያን ጊዜ ጥፋት የሚሉት ይህን ነበር።

ጫማ መደበቅ! ኔሌ ያደረገችው ግን ሌላ ነው።

ረቡዕ ዕለት ቡድኑ ተሰብስቦ የማርቴን ቡድን ጨዋታ በቪዲዮ ሲያይ ነበር። ኮች ብሬናን ምስሉን አቁማ፣ “ኔሌ፣ ይቺ ያገርሽ ልጅ አይደለችም እንዴ? የምታውቂው ነገር ካለ በይ” አለች። ክፍሉ ሁሉ ወደ ኔሌ ዞረ። ስሟን እንኳ በቅጡ ጠርታት የማታውቅ አሰልጣኝ የሷን አፍ ስትጠብቅ! ኔሌ መጀመሪያ፣ “ወደ ግራ መሄድ አትወድም” አለች። ይህን ዓይን ያለው ሁሉ አይቶ የሚደርስበት ነው። እዚያ ላይ ብታቆም ምን ነበረበት? ኮች ብሬናን፣ “ለምን? አምና እኮ በሁለቱም በኩል ትሄድ ነበር” ስትላት ግን፣ “ጉልበቷን ያማታል። ከገና ጀምሮ ነው፤ አሰልጣኟም አታውቅም” ብላ አረፈችው።

ማርቴ ይህን በስልክ የነገረቻት እያለቀሰች ነበር። በበጋ ለአገራቸው ወጣት ቡድን ምርጫ አለ። ጉልበቷን መታመሟ ከተሰማ ወንበር ላይ ያስቀምጧታል፤ ከተቀመጠች ደግሞ ማን አይቷት ይመርጣታል? “ጥርሴን ነክሼ ዓመቱን እጨርሳለሁ። ለእናቴ እንኳ አልነገርኳትም፣ አደራ!” ብላት ነበር።

አደራው በአንድ ሳምንት በሰበሰ። በማግስቱ ልምምድ ላይ ኔሌ “ማርቴን ሁኚ” ተባለች። ጓደኛዋ ኳስ የምታነጥርበትን፣ ትከሻዋን ሰብቃ የምታታልልበትን፣ ሲያማት ከንፈሯን የምትነክስበትን ሁሉ አስመስላ አሳየቻቸው። ልጆቹ አጨበጨቡላት። ዓርብ ደግሞ ማርቴ ደውላ፣ “እናቴ መጥታለች፣ ከጨዋታ በኋላ ካንቲን አለን!” አለቻት። ያኔ ልታስጠነቅቃት ትችል ነበር። ኔሌ ስለ አየሩ አወራች።

ፊሽካው ተነፋ።

ማርቴ ኳሱን እያነጠረች መጣች። ኔሌ ቀኟን ዘጋች። ማርቴ ወደ ግራ ለመሄድ ስታመነታ ኳሱ ከእጇ አመለጠ፤ የኔሌ ቡድን ነጥቆ ሮጦ አገባ። አዳራሹ ተናወጠ፣ ተጠባባቂዎቹ በሙሉ ከወንበር ተነሱ። ኔሌም፣ ያሳፍራል፣ ደስ አላት። እግሯ ቀለላት። አባቷ ቲልት ሳሎኑ ውስጥ ተቀምጦ በኮምፒውተር እያየ ነው፤ እዚህ የእሑድ ከሰዓት ሲሆን እዚያ መሽቷል። በየሳምንቱ ልጁን ወንበር ላይ ሲፈልግ የኖረ ሰው ዛሬ ሜዳ ላይ አገኛት።

በሚቀጥለው ጊዜም ቀኟን ዘጋች። በሚቀጥለውም።

“ምን ሆናችሁ ነው ዛሬ ሁላችሁም ግራ ግራ የምትሉኝ?” አለች ማርቴ እያለከለከች። አሁን አትስቅም።

ኔሌ ቀኟን እንደዘጋች ነው። ልትለቃት ትችል ነበር። ግማሽ እርምጃ ወደ ኋላ ብትል ማን ያውቅባታል? ኮች ብሬናን ግን ከዳር ቆማ፣ “ጎበዝ! እንደሱ ነው!” እያለች ታጨበጭባለች። ኔሌ አልለቀቀችም።

ማርቴ ከንፈሯን ነክሳ በግራ በኩል ተወረወረች። እግሯ ላይ አርፋ ልትዞር ስትል ጉልበቷ ከዳት። ማንም አልነካትም። ወለሉ ላይ ወድቃ ያወጣችውን ድምፅ ኔሌ ታውቀዋለች፤ በልጅነታቸው ማርቴ ከብስክሌት ወድቃ ክንዷ የተሰበረ ዕለት ሰምታዋለች።

የማርቴ ቡድን ወጌሻ፣ ኩርቲስ የሚባለው፣ እየሮጠ ገባ። ኔሌ ተንበርክካ ምን እንደምታደርግ ጠፍቷት ስትርበተበት ማርቴ ራሷ እጇን ያዘቻት፣ አጥብቃ።

“አትሂጂ” አለቻት።

ኔሌ ያን ጊዜ መሬት ተከፍታ ብትውጣት በወደደች።

ጨዋታውን የኔሌ ቡድን አሸነፈ። መልበሻ ክፍል ውስጥ ልጆቹ ውሃ እየረጩ፣ “ቤልጅየም! ቤልጅየም!” እያሉ ዘለሉባት። ኮች ብሬናን አቅፋ፣ “ይሄ ድል ያንቺ ነው” አለቻት። ስልኳ ላይ የአባቷ መልእክት ደርሷል። “አየሁሽ የኔ ጎበዝ! እናትሽ አልቅሳለች። ማርቴ ምን ሆነች? አይዞሽ በያት።” ኔሌ ደጋግማ አነበበችውና መልስ ሳትጽፍ ስልኩን ዘጋችው። ገላዋን ስትታጠብ ውሃውን የቻለችውን ያህል አሞቀችው፤ የውስጧን ብርድ ግን ምንም አላደረገላትም።

ከአዳራሹ ጀርባ፣ መኪና ማቆሚያው ላይ፣ የማርቴ እናት ሪታ የተከራየችውን መኪና ኋላ ከፍታ ካንቲን አቁማለች። በአገራቸው ከጨዋታ በኋላ ያሸነፈውም የተሸነፈውም አንድ ላይ ተቀምጦ ይጠጣል፤ አሜሪካኖቹ እጅ ለእጅ ተነካክተው ወደየአውቶቡሳቸው መግባታቸው ለሪታ ብልግና ነው። በትንንሹ የተቆረጠ አይብ፣ ሰናፍጭ፣ የቀረፋ ብስኩትና ኮካ ደርድራለች። በረዶው እየወረደባት ነው፣ ደንታም የላት።

“ነይ የኔ ልጅ፣ ነይ ብዪ!” ብላ የኔሌን ጉንጭ ሳመች። “ቋሊማም ነበረ፣ አየር ማረፊያው ላይ ቀሙኝ። እንጥለዋለን ብለው ነው፤ ውሸታቸውን ነው፣ በልተውታል! አባትሽ ግን ዛሬ ቲልትን በሙሉ ቤት ለቤት ሳይነግር አያድርም።”

“ታንቴ ሪታ፣ ማርቴስ?” አለች ኔሌ። ታንቴ፣ አክስቴ፣ ነው የምትላት ከልጅነቷ ጀምሮ።

“በረዶ እያሰሩላት ነው፣ ትመጣለች። ነገ ምርመራ አለ አሉኝ።” ሪታ አይቡ ላይ ሰናፍጭ ደራርባ ቀባች። “ከገና ጀምሮ ሲያማት ኖሯል እኮ! ለእኔ ሳትተነፍስ! አንቺ ታውቂ ነበር?”

“አዎ።”

“እንኳንም ላንቺ ነገረችሽ። ብቻዋን ይዛው ቢሆን ኖሮ አብዳ ነበር።”

ሪታ ብትሰድባት ይሻላት ነበር። ኔሌ የተሰጣትን አይብ መልሳ ሳህኑ ላይ አስቀመጠችው።

የጀርባው በር ተከፈተና ማርቴ በክራንች ወጣች። ትልቁ ቦርሳዋ ከትከሻዋ እየተንሸራተተ ያስቸግራታል። ኔሌ ሮጣ ሄደች።

“አምጪው።”

“ተይ፣ እችላለሁ።”

“አምጪው አልኩሽ!” ብላ ነጥቃ ትከሻዋ ላይ አደረገችው። ከባድ ነው፤ ማርቴ ድሮም ቤቷን በሙሉ ይዛ ነው የምትዞር።

“ዊሊ ቢያይሽ፣ ‘አንቺ፣ ዛሬ ደግሞ ምን አጠፋሽ?’ ይልሽ ነበር” አለች ማርቴ። ፈገግ ልትል ሞከረች፣ ዓይኗ ግን አብጧል።

ኔሌ ከጎኗ ተራመደች። መሬቱ ስለሚያንሸራትት ቀስ ብለው ነው የሚሄዱት።

“ለናንተ ኮች ስለ ጉልበቴ ማን እንደነገራት ደርሼበታለሁ” አለች ማርቴ ድንገት።

ኔሌ እርምጃዋን ገታች።

“ኩርቲስ ነው። በድብቅ ጉልበቴን ሲያሽልኝ የከረመው እሱ ነው። ከሱ ሌላ የሚያውቅ የለም፤ አንቺ ነሽ ያለሽው፣ አንቺን ደግሞ አልቆጥርም። እናንተ ጋ ያለው ወጌሻ አብሮት የተማረ ጓደኛው ነው። አውርቶለት ነው።”

“ምናልባት ባይሆንስ?”

“ታዲያ ማን ሊሆን ነው? አውቶቡሱ ሳይነሳ ለኛ ኮች እነግራታለሁ። ደብቆ ማሸቱንም፣ ማውራቱንም። ያባሩት! ሰው አምነሽ እንዲህ ሲያደርግሽ…” አልጨረሰችውም። እንባዋ ቀደማት።

ኩርቲስ የበረዶ ሳጥን ታቅፎ ወደ አውቶቡሱ ሲያልፍ አያቸው። “ማርቴ! የፊት ወንበሩን ይዤልሻለሁ፣ እግርሽን እንድትዘረጊ!” ብሎ ጮኸ። ማርቴ ፊቷን አዞረችበት። ሰውየው ግራ ገብቶት ትንሽ ቆመና፣ አንገቱን ደፍቶ ሄደ።

ኔሌ አየችው። መኪናው ጋ ሊደርሱ ጥቂት ቀርቷቸዋል። ቦርሳውን እዚያ ጥላ፣ ብስኩቷን በልታ፣ ጉንጭ ስማ ብትሸኛት ማንም ምንም አያውቅም። ማርቴ ነገም ትደውልላታለች። ሪታም ቲልት ተመልሳ፣ “ኔሌማ ቦርሳዋን እንኳ ተሸክማላት” እያለች ታወራላታለች። ሥራውን የሚያጣው ኩርቲስ ብቻ ነው። የረቡዕ ዕለቱን አፌ አመለጠኝ ብላ ራሷን ስታባብል ነበር። የዛሬውን ግን ምን ልትለው ነው? ዛሬ ዝም ብትል አስባበት፣ አውቃ ነው።

“መጣችሁ!” አለች ሪታ በአንድ እጇ ኮካ፣ በሌላው ሰናፍጭ ይዛ። “ጣዪው ይሄን ቦርሳ፣ ትከሻሽ ሊገነጠል ነው እኮ። ግቡ፣ ካንቲኑ ተከፍቷል!”

ማርቴ ክራንቿን መኪናው ላይ አስደግፋ እጇን ለቦርሳው ዘረጋች።

“አምጪ በቃ። ተባረኪ።”

ኔሌ ማንጠልጠያውን በሁለት እጇ ያዘች። አላወረደችውም።

“ለጉልበትሽ ብዬ አይደለም የተሸከምኩት” አለች።